የአንዲት ኩሬ ታሪክ፦ ከመዲና እስከ ጋምቤላ



ውድ አድማጮቻችን! ስለ ንጽሕና ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ስለ ቤታችን፣ ስለ ልብሳችንና ስለ ውዱአችን ነው። ሐሙስ ማታ ቤቱን አጥቦ፣ ምንጣፉን አራግፎ፣ የጁሙዓ ልብሱን አዘጋጅቶ የሚያድር ቤተሰብ በመካከላችን ብዙ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ከቤታችን ወጥተን ከሌሎች ጋር ወደምንሠራበት ቦታ ስንሄድ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ደጃፋችን ላይ የሚቀርበት ጊዜ አይታጣም። የመጠጥ ውሃውን በርሚል ማን ከደነው? ሃያ ሰው የሚጠጣበትን ጣሳ ማን አጠበው? ሽንት ቤቱስ የማን ተራ ነው? ብለን ብንጠይቅ መልስ የሚሰጠን ሰው እናጣለን። «የሁላችንም» የተባለው ነገር «የማንም» ሆኖ ሲቀር ስንቴ አይተናል?

በዛሬው ዝግጅታችን ይህንን ጉዳይ በአንድ ታሪክ በኩል እናወጋችኋለን። ታሪኩ የሚጀምረው በአገራችን ምዕራብ ዳርቻ፣ በጋምቤላ ክልል ውስጥ ከምትገኝ አንዲት ኩሬ ነው። ከዚያም ወደ ኋላ መለስ ብለን ወደ መዲናና ወደ ቡኻራ እንጓዛለን፤ በመጨረሻም ወደ ጋምቤላ እንመለሳለን። ታሪኩ የሩቅ መስሎ ቢታያችሁም እንኳ ልጁ፣ ወንድሙ ወይም ባለቤቱ ለሥራ ከቤት ርቆ የሚገኝ ቤተሰብ ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ነው።

በአንድ እርሻ ላይ የሆነው

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2017 ነው። በጋምቤላ ክልል፣ በአቦቦ ወረዳ በሚገኝ አንድ ሰፊ የንግድ እርሻ ላይ ሥራ ፍለጋ ከኦሮሚያ የመጡ ወቅታዊ ሠራተኞች ነበሩ። እርሻ ላይ ውሎ የሚያውቅ ሰው የቆላውን ፀሐይ ያውቀዋል። ረፋድ ላይ ላብ ይፈሳል፤ ቀትር ላይ ምላስ ከላንቃ ይጣበቃል። በዚያ ሰዓት ሠራተኛ ውሃ ያለበትን እንጂ የውሃውን ዓይነት አይጠይቅም። እነዚህ ሰዎችም ሳይጣራ የጠጡት ውሃ በእርሻው ውስጥ የነበረ የኩሬ ውሃ ነበር።

ከእነርሱ መካከል 15 ሰዎች በጊኒ ዎርም በሽታ ተይዘው ተገኙ። ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል። ሆኖም በዚያው ዓመት በመላው ዓለም የተመዘገቡት የበሽታው ሕሙማን በጠቅላላ 30 ብቻ ነበሩ፤ 15ቱ በቻድ፣ 15ቱ በኢትዮጵያ። እንግዲህ አስቡት! ዓለም ከሠላሳ ዓመታት በላይ ሲዋጋው ከቆየው በሽታ የዚያ ዓመት ግማሹ የተገኘው በአንድ የሥራ ቦታ፣ ከአንድ ቦታ ውሃ ሲጠጡ በነበሩ ሰዎች ላይ ነው።

ስለ በሽታው ለማያውቁ አድማጮቻችን ባጭሩ እንግለጽ። ጊኒ ዎርም ትል ነው። የትሉ እጮች በረጋ ውሃ ውስጥ ይገኛሉ፤ እዚያም ሳይክሎፕስ የሚባሉ፣ በዓይን ለመለየት እጅግ የሚያስቸግሩ ትናንሽ የውሃ ነፍሳት ይውጧቸዋል። ሰው ያንን ውሃ ሳያጣራ ሲጠጣ ነፍሳቱ በጨጓራው ውስጥ ይሞታሉ፤ እጮቹ ግን አይሞቱም። የአንጀትን ግድግዳ በስተው ወደ ሰውነት ይገባሉ። ሴቷ ትል ውስጥ ለውስጥ እያደገች እስከ አንድ ሜትር ትረዝማለች። ሰውየው በዚህ ጊዜ ሁሉ ምንም አያውቅም። አንድ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ብዙውን ጊዜ እግሩ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል፤ እንደ እሳት ያቃጥለዋል። ከዚያም ይፈነዳና የትሉ ጫፍ ብቅ ይላል።

ቃጠሎው ሲበረታበት ሰውየው ምን ያደርጋል? እግሩን ውሃ ውስጥ ይነክራል። ትሉም የሚፈልገው ይህንኑ ነው! እግሩ ውሃውን እንደነካ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እጮች ወደ ኩሬው ይለቀቃሉ። ሰውየው ከሕመሙ ፋታ ሲያገኝ ኩሬው ይታመማል። በማግስቱ ጓደኛው ጣሳውን ይዞ ወደዚያው ኩሬ ይወርዳል፤ ክቡ እንደገና ይጀምራል።

ለዚህ በሽታ እስከ ዛሬ ክትባት የለውም፤ ትሉን የሚገድል መድኃኒትም አልተገኘለትም። ያለው ሕክምና ትሉን በትንሽ እንጨት ላይ እየጠቀለሉ በየቀኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ማውጣት ነው። ይህም ሳምንታት ይወስዳል። ከተበጠሰ ቁስሉ ያመረቅዛል። ሰውየውን ባይገድለውም ከሥራ ያውለዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚያውለው አዝመራው በደረሰበት ወቅት ነው። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ለሳምንታት መዋል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

የመዲናው ሥር

ውድ አድማጮቻችን! ይህ ትል በሳይንሱ ዓለም የሚጠራበት የላቲን ስም ከመዲና ከተማ የተወሰደ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በ1758 ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊንየስ ፍጥረታትን በስም ሲመድብ «የመዲና» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው። ሊንየስ ግን ስሙን ከራሱ አላመጣውም። ከእርሱ በፊት ለዘመናት ሙስሊም ሐኪሞች «ዒርቅ መዲኒይ»፣ ማለትም «የመዲና ሥር» እያሉ ይጠሩት ነበር። ከቆዳ ሥር ተጋድሞ ሲታይ የደም ሥር ስለሚመስል ነው።

ስለ በሽታው በስፋት ከጻፉት መካከል ቀዳሚው ስም የኢብን ሲና ነው። እ.ኤ.አ. በ980 ቡኻራ አቅራቢያ የተወለደውና በ1037 ያለፈው ይህ ታላቅ ሐኪም «አል-ቃኑን ፊ አጥ-ጢብ» በተባለው መጽሐፉ የበሽታውን አመጣጥና ምልክት ገልጿል፤ በመዲና በብዛት ይታይ ስለነበር ከከተማዋ ጋር አያይዞታል። ሕክምናውንም ጽፏል፤ ብቅ ያለውን ጫፍ በትንሽ የእርሳስ ማዕድን ላይ እየጠቀለሉ፣ እንዳይበጠስ እየተጠነቀቁ፣ በዝግታ ማውጣት። ከሺህ ዓመት በኋላ በጋምቤላ ጤና ጣቢያ የሚሠራው ባለሙያም የሚያደርገው ያንኑ ነው። የተለወጠው መጠቅለያው ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ኢብን ሲና ያላገኘው አንድ ነገር ነበር። ትሉ ወደ ሰው የሚገባው በምን መንገድ ነው? ሥር ነው ወይስ ሕያው ትል? በዘመኑ ይህ ገና አከራካሪ ነበር። በዓይን የማይለየውን ለማየት የሚያስችል መሣሪያ አልነበራቸውምና አይፈረድባቸውም። የጥያቄው መልስ ብዙ መቶ ዓመታት መጠበቅ ነበረበት። የአላህ ነገር ሆኖ መልሱ የተገኘው ከኢብን ሲና የትውልድ ስፍራ ብዙም ሳይርቅ ነው።

የቡኻራ ሐውዞች

እ.ኤ.አ. በ1870 አካባቢ አሌክሲ ፌድቼንኮ የተባለ ሩሲያዊ ተመራማሪ ወደ ቱርኪስታን ምድር ሄዶ የትሉን ጉዳይ መረመረ። የትሉ እጮች ወደ እነዚያ ትናንሽ የውሃ ነፍሳት እንደሚገቡም አየ። ምሥጢሩ ውሃው ውስጥ እንደነበረ በዚህ ታወቀ።

በዚያ ዘመን ቡኻራ በመድረሳዎቿና በመስጊዶቿ የታወቀች የዕውቀት ከተማ ነበረች። በየሰፈሩና በየመስጊዱ አጠገብ ሐውዝ የሚባሉ፣ በድንጋይ የተገነቡ የውሃ ገንዳዎች ነበሯት። ውሃው በቦይ ይመጣና ገንዳው ውስጥ ይረጋል። ሰው በድንጋይ ደረጃው ወርዶ ከዳር ይቆማል፤ ይቀዳል፣ ይታጠባል። ውሃ በቆዳ ከረጢት ተሸክመው በየቤቱ እየዞሩ የሚሸጡ ውሃ አዳዮችም ከዚያው ይቀዱ ነበር። ለእነርሱ ሐውዙ የሥራ ቦታቸው ነበር። እግሩ ላይ ትል የወጣበት አንድ ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ እግሩን ካስነካ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከአንድ ዓመት በኋላ ዋጋውን ይከፍላል ማለት ነው።

ልብ በሉ! የቡኻራ ሰዎች ንጽሕናን የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። በቀን አምስት ጊዜ ይታጠቡ ነበር። ችግሩ የታጠቡበትና የጠጡት ውሃ አንድ መሆኑ፣ ውሃውም የረጋ መሆኑ ነበር። የግል ንጽሕናቸው የጋራውን ውሃ ሊያጸዳው አልቻለም።

በ1920ዎቹ ሊዮኒድ ኢሳዬቭ የተባለ ሐኪም በቡኻራ ዘመቻ ጀመረ። ሕሙማን ተፈልገው ታከሙ፤ ሐውዞቹ ብዙዎቹ እየደረቁ ጸዱ፤ የቧንቧ ውሃም ገባ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያ ለሺህ ዓመት ከተማዋን ያሠቃየ ትል ከቡኻራ ጠፋ። ክትባት አልነበረም፤ አዲስ መድኃኒትም አልነበረም። የተለወጠው ሰዎች በጋራ የሚጠቀሙበት የውሃ ይዞታ ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው።

የሙሕተሲቡ ዓይን

አንዳንድ ሰው «በድሮ ዘመን ስለ ተሕዋስያን የሚያውቅ አልነበረምና ስለ ሥራ ቦታ ንጽሕና የሚጨነቅ አልነበረም» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ታሪካችን ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። በሙስሊሞች ከተሞች ሙሕተሲብ የሚባል ሹም ነበር። ሥራው ገበያውንና የሥራ ቦታዎችን እየዞረ መቆጣጠር ነው። በሚዛን የሚያጭበረብረውን ነጋዴ እንደሚይዝ ሁሉ የቆሸሸውን ዳቦ ቤትም ይይዛል።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሻም ምድር የኖረው ዐብዱረሕማን አሽ-ሸይዘሪ ለእነዚህ ሹማምንት መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ስለ ዳቦ ቤት ሠራተኛ ያዘዘውን ስንሰማ የዛሬ የጤና ተቆጣጣሪ የጻፈው ይመስለናል። ሊጥ የሚያቦካው ሰው በእግሩ እንዳይረግጥ፣ ሲያስነጥስ ወይም ሲናገር ምራቁ እንዳይረጭ አፉን እንዲሸፍን፣ ላቡ እንዳይንጠባጠብ ግንባሩን በጨርቅ እንዲያስር፣ ዝንብ የሚያባርርለት ሰው አጠገቡ እንዲቆም ይላል። ውሃ አዳዮችም ቢሆኑ ከቆሻሻ ርቆ ካለ ንጹሕ ቦታ እንዲቀዱ የሚያዝዙ ደንቦች በሒስባ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛሉ።

ይህ ሁሉ የመጣው በአጉሊ መነጽር ተሕዋስ አይተው አይደለም። መሠረቱ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት ነው። በረጋ ውሃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል። ሰዎች ውሃ በሚቀዱበት፣ በሚያልፉበትና በሚጠለሉበት ቦታ መጸዳዳት እርግማን የሚያመጣ ተግባር መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ማታ ዕቃዎችን እንድንከድንና የውሃ መያዣዎችን አፍ እንድንዘጋ አዘዋል። በመጠጫው ዕቃ ውስጥ መተንፈስንም ከልክለዋል። እነዚህን ትእዛዛት አንድ በአንድ ብንመለከታቸው አብዛኞቹ የጋራ የሆነውን የሚጠብቁ ናቸው። ውሃው፣ መንገዱ፣ ጥላው፣ ጣሳው የሁሉም ነው።

ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ) በመዲና የሩማን የውሃ ጉድጓድ በገንዘባቸው ገዝተው ለሁሉም ነፃ ያደረጉበትን ታሪክ የማያውቅ ሙስሊም ቤት የለም። ውሃ በሚሸጥበት ጊዜ ድሃውም ሀብታሙም እኩል እንዲጠጣ አደረጉ። የጋራ ውሃን ማሟላት ከታላላቅ መልካም ሥራዎች አንዱ ሆኖ በታሪካችን የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋምቤላ፣ የሥራ አገር

አሁን ወደ ጋምቤላ እንመለስ። ጋምቤላ ከጥንስሷ ጀምሮ ሰው ለሥራና ለንግድ የሚመጣባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ ከኻርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች እስከ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ጨው፣ ጨርቃ ጨርቅና ሌላም ሸቀጥ አራግፈው ከደጋው የወረደውን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ሱዳናውያን፣ ግሪኮችና ሌሎችም ነጋዴዎች ከተሙባት። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ክልሉ የአኝዋ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖና የኮሞ ብሔረሰቦች አገር ነው። በ1977 ዓ.ም ድርቅ ጊዜ ደግሞ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች ብዙ ሺህ ሰፋሪዎች መጡ፤ ከመካከላቸው ሙስሊም ወገኖቻችንም ነበሩ። ከ2000 ዓ.ም ወዲህ ሰፋፊ የንግድ እርሻዎች ሲስፋፉ ሩዝ፣ ጥጥና ሰሊጥ ለማልማት ሠራተኛ ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ጀመር። በአጭሩ ጋምቤላ የብዙ ቤተሰብ ልጅ ያለባት ቦታ ናት።

ታዲያ ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦን የመሳሰሉ ወንዞች ያሉት ክልል እንዴት የውሃ ችግር ይኖርበታል? ልትሉ ትችላላችሁ። የውሃ መብዛትና የንጹሕ ውሃ መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክረምቱ አልፎ ወንዙ ወደ ዳርቻው ሲመለስ በየጫካውና በየማሳው ኩሬዎች ይቀራሉ። ሰው ይጠጣቸዋል፤ ውሻና ዝንጀሮም ይጠጧቸዋል። ሠራተኛው ከመንደር ርቆ ማሳ መካከል ስለሚውል የመንደሩ ቧንቧና የእጅ ፓምፕ አይደርስለትም። በመሆኑም ውሃው ባለበት አገር ንጹሕ ውሃ የሚያጣው ብዙውን ጊዜ በሥራ ላይ ያለው ሰው ነው።

ውሃ ወለድ በሽታ ደግሞ ጊኒ ዎርም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ብዙ የአገራችንን ክልሎች ያዳረሰው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በመጀመሪያ የታየው በጋምቤላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያም ክልሉ በኮሌራ ተጠቅቷል። ኮሌራ እንደ ትሉ ዓመት አይጠብቅም፤ በሰዓታት ውስጥ ሰውን ያደርቃል። የሚተላለፍበት መንገድ ግን የትሉ ዘመድ ነው፤ የተበከለ ውሃ፣ ያልታጠበ እጅ፣ ሜዳ ላይ የሚቀር ዓይነ ምድር።

ባዶ ዓመታት

እ.ኤ.አ. በ1986 የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች ጊኒ ዎርምን ከምድረ ገጽ ለማጥፋት ተስማሙ። በዚያን ጊዜ በአፍሪካና በእስያ 21 አገሮች ውስጥ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይያዙ እንደነበር ይገመታል። ዘመቻውን በግንባር ቀደምነት የመራው የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ያቋቋሙት የካርተር ማዕከል ነው። ፓኪስታን እ.ኤ.አ. ከ1993 በኋላ፣ የመን ከ1997 በኋላ አንድም ሕመምተኛ አላዩም። ካርተር የመጨረሻው ትል ከእርሳቸው በፊት እንዲሞት ይመኙ ነበር፤ በታኅሣሥ 2024 ሲያርፉ ግን በዚያ ዓመት የቀሩት ሕሙማን 15 ብቻ ቢሆኑም ትሉ ገና አልጠፋም ነበር።

በአገራችንም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብሔራዊ ፕሮግራም ተቋቁሞ ፍለጋ ሲደረግ ከ1,000 በላይ ሕሙማን በደቡብ ኦሞና በጋምቤላ ተገኙ። ደቡብ ኦሞ ነፃ ሲወጣ ጋምቤላ የመጨረሻው ምሽግ ሆነ፤ በተለይም የአቦቦና የጎግ ወረዳዎች። የጨርቅ ማጣሪያና በአንገት የሚንጠለጠል የቱቦ ማጣሪያ ተከፋፈለ። ኩሬዎች ቴሜፎስ በተባለ ኬሚካል ይታከማሉ። ሕመምተኛ ለሚጠቁም ሰው የገንዘብ ሽልማት ይሰጣል። ትሉ በውሾችና ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮም በዝንጀሮዎች ላይ ስለተገኘ የመንደር ሰዎች ውሾቻቸውን ከኩሬ ለማራቅ አስረው እስከ መጠበቅ ደርሰዋል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ምን ሆነ? በ2017 እርሻው ላይ 15 ሰው ተያዘ። በ2018 በሰው ላይ አንድም አልተገኘም። በ2019ም አንድም አልተገኘም። ሰው «እፎይ! አለቀ» ሊል በሚችልበት ሰዓት፣ በ2020 በጋምቤላ 11 ሰዎች ተያዙ። በ2021 አንድ፣ በ2022 አንድ። በ2023 እና በ2024 እንደገና ባዶ። አንዲት አገር ነፃ ናት ተብላ እንድትመሰከርላት ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ዓመታት በሰውም በእንስሳም ላይ ባዶ መሆን አለባት። ኢትዮጵያ እነዚያን ሦስት ዓመታት ለመሙላት ስትደክም ኖራለች።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ባዶ ዓመት የዕረፍት ዓመት አይደለም። ንጽሕና አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚዘጋ ሥራ አይደለም። ደግሞም የትሉን ጠባይ አስታውሱ፤ ለአንድ ዓመት ተደብቆ ይቆያል። ወቅታዊ ሠራተኛ አዝመራው ሲያልቅ ደመወዙን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዚያ ዓመት ውስጥ የጠጣው ውሃ ያመጣበት መዘዝ የሚገለጠው ምናልባት በእርሻው ላይ ሳይሆን በእናቱ ቤት፣ በሰፈሩ ኩሬ ዳር ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በጋምቤላ እርሻ ላይ ያለ በርሚል ጉዳይ የባሌም፣ የወሎም፣ የጅማም ቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ምን እናድርግ?

ውድ አድማጮቻችን! በመጀመሪያ የምንናገረው ለአሠሪዎች ነው። ከእናንተ መካከል እርሻ ያለው፣ የግንባታ ሥራ የያዘ፣ ወፍጮ ቤት ወይም መጋዘን የሚያስተዳድር ወንድም አለ። ለሠራተኛው ላቡ ሳይደርቅ ደመወዙን እንድንሰጠው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማዘዛቸውን ሁላችንም እንናገራለን። ላቡ ከመፍሰሱ በፊት ግን የሚጠጣው ንጹሕ ውሃ ሊቀርብለት አይገባምን? በኩሬ ዳር ያለን ሠራተኛ «ለምን ጠጣህ?» ማለት አይቻልም። በጀሪካን ወይም በሮቶ ንጹሕ ውሃ እስከ ማሳው መድረስ አለበት። ያ ካልተቻለ ማጣሪያ መሰጠትና አጠቃቀሙም መታየት አለበት። ሽንት ቤት ከውሃው ርቆ መቆፈር አለበት። እጅ መታጠቢያና ሳሙናም መጥፋት የለባቸውም። ካቦው የሥራ ሰዓት እንደሚቆጣጠረው ሁሉ ይህንንም እንዲቆጣጠር ኃላፊነት ይሰጠው። የአሽ-ሸይዘሪ ሙሕተሲብ በዘመናችን ያ ካቦ ነው።

ቀጥሎ ለሠራተኛ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን። ውሃ ሲቀዳ ጣሳው በርሚሉ ውስጥ አይነከር፤ መቅጃው ሌላ፣ መጠጫው ሌላ ይሁን። በርሚሉ ይከደን። በኩሬ ዳር ያላችሁ ከሆነ በጨርቅ ማጣሪያ ሳታጣሩ አትጠጡ፤ ማጣሪያው የተቀደደ ከሆነ እንደሌለ ቁጠሩት። እግሩ ወይም ሌላ የሰውነት ክፍሉ ላይ የሚያቃጥል እብጠት የወጣበት ሰው ፈጽሞ ወደ ውሃ አይግባ፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ይህን መናገር ነውር አይደለም፤ መደበቅ ግን በወንድም ላይ ጉዳት ማድረስ ነው። ዓሣ የምታጠምዱ ደግሞ ሥጋውን በደንብ አብስላችሁ ብሉ፤ ሆድ ዕቃውንም ለውሻ ከመጣል ይልቅ ቅበሩት።

በመጨረሻም ለቤተሰቦች። ልጃችሁ ከሥራ ደውሎ ሲያነጋግራችሁ ስለ ደመወዙ ብቻ አትጠይቁት። «የምትጠጣው ውሃ ከየት ነው? የት ነው የምትጸዳዱት?» ብላችሁ ጠይቁት። እናት ይህንን ስትጠይቅ ልጅ ያስብበታል። ሲመለስም ባለፈው ዓመት የት እንደነበረ አስታውሱ፤ እግሩን የሚያቃጥለው ነገር ካለ አትዘናጉ።

ኢብን ሲና ትሉን በጥንቃቄ ማውጣትን አስተማረን። ቡኻራ ውሃውን መጠበቅን አሳየችን። ጋምቤላ ደግሞ የሁሉም የሆነውን ነገር የሚጠብቅ ሰው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ነገረችን። በአንድ በርሚል ላይ ክዳን ማድረግ ትንሽ ሥራ ነው። ሆኖም ከመንገድ ላይ እሾህ ማንሣት እንኳ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን የተማርን ሕዝቦች ነን። በወንድማችን ጉሮሮ ከሚወርደው ውሃ ላይ ጉዳትን ማንሣትማ ምን ያህል ይበልጥ ይሆን?

አላህ (ሱ.ወ) በየሥራው ቦታ ያሉ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙትን ይማርልን፤ የጋራችን የሆነውን እንደ ራሳችን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን!

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።